ዱንያን ከእማዬ ጎን ለማቆም

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣
ቡታጅራ

እንደምን ከርመሃል ወንድምዬ? ዱንያስ እንዴት ናት? የጋራዡ ሥራስ? ያ ወገብህስ ተሻለው ወይስ አሁንም መኪና ሥር ተኝተህ ስትነሳ ታቃስታለህ? ሦስት ዓመት ሙሉ ያልጠየቅኩህን ሁሉ ዛሬ በአንድ ትንፋሽ ጠየቅሁህ። እኛ ደህና ነን። እማዬን ብቻ ትንሽ አሟታል።

ስልክህን ከዱንያ እህት ከሀፍሷ ተቀብያለሁ። ደውዬ ድምፅህን ብሰማ ግን እንደማልችል ስላወቅሁ ወረቀት መረጥኩ። ጎረቤታችን ሽኩር ዛሬ ከምሳ በኋላ ዕቃ ይዞ ወደ እናንተ ይወርዳል፤ ፖስታውን በእጅህ ይሰጥሃል። እባክህ እሱን በጥያቄ አታስጨንቀው፣ ምንም አያውቅም።

ሰምተህ እንደሆነ አላውቅም፣ ፎቶ ቤት ገብቻለሁ። እዚሁ መርካቶ፣ ጋሼ ሰላሁዲን ጋ። መጀመሪያ ሥራዬ የፓስፖርት ፎቶ ብቻ ነበር፤ ጀርባውን ማንጣት፣ ማተም፣ መቁረጥ። ዘንድሮ ጋሼ ከፍ ወዳለው ትምህርት አሳለፉኝ፤ ሰውን ካለበት ፎቶ አውጥቶ ሌላ ፎቶ ውስጥ ማስገባት። ቀላል እንዳይመስልህ። ቆርጦ መለጠፍማ ማንም ያደርገዋል። ብርሃኑ ከየት እንደመጣ፣ ጥላው ወዴት እንደሚወድቅ፣ ትከሻ ከትከሻ እንዴት እንደሚገናኝ ካላወቅክ ሰውየው አየር ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል። ጋሼ ደግሞ «ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው የት ነው?» እያሉ ጠዋት ማታ ይነዘንዙኛል። ሳይንሱን ተወውና፣ በሕይወቴ እንዲህ የወደድኩት ትምህርት የለም።

እማዬ ይህን ሙያዬን ዝም ብላ ስታይ ከርማ፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ሳሎን የተሰቀለውን የምረቃዬን ፎቶ አውርዳ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ታስታውሰዋለህ፤ እሷ መሃል ወንበር ላይ፣ አንተ በግራ፣ እኔ በቀኝ። «ያቺን ልጅ አስገቢያት» አለችኝ። የትኛዋን ብዬ እንደማላውቅ ሆንኩ። «የልጄን ሚስት ነዋ!» ብላ ተቆጣች። ወንድሜ፣ ይህን ቃል ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። የሙስሊም ልጅ አገባህ ብላ የወጣህ ዕለት በሩ ላይ ያለችህን አንተም አትረሳውም። እኔም አጠገቧ ቆሜ ዝም ማለቴን አልረሳውም።

ለምን አትደውይላቸውም ብላት፣ ይቅርታ በስልክ አይጠየቅም፣ መጀመሪያ ቦታቸውን ይዩት አለችኝ።

ሀፍሷ ዱንያ ሱቃቸው በር ላይ ቆማ የተነሳችውን ፎቶ ሰጠችኝ። መጀመሪያ ከአንተ ኋላ፣ ጥግ ላይ አስገባኋት። እማዬ መነጽሯን አድርጋ አየችና «እንግዳ ናት እንዴ? ከኋላ ምን ታደርጋለች? እኔ ጎን አቁሚያት» አለች። አንተን ወደ ዳር ገፋ አድርጌ በሁለታችሁ መሃል ቦታ ከፈትኩላት። ችግሩ፣ የሱቁ ብርሃን ከቀኝ ነው፣ የእኛ ፎቶ ብርሃን ከግራ። አቋራጭ ፈለግሁና ዱንያን ልክ በመስታወት እንደምትታይ አድርጌ ገለበጥኳት። ብርሃኑ ወዲያው ገጠመ። ጋሼ እንኳ አልነቁብኝም። አትሜ እየሮጥኩ ወደ ቤት።

እማዬ ገና ከማየቷ «ይህቺ ዱንያ አይደለችም» አለች። ለምን ብላት፣ «ማርያም የሳመቻት ግራ ጉንጯ ላይ ነው፤ አንቺ ቀኙ ላይ አደረግሽባት» አለችኝ። ስሟ በዚህ ቤት እንዳይነሳ ያለችው ሴት፣ የልጅቷን ምልክት የትኛው ጉንጭ ላይ እንደሆነ በቃሏ ታውቃለች! ለካ ድሮ በሱቃቸው በኩል ባለፈች ቁጥር ታያት ኖሯል። «ይሄን ብልክለት፣ ሚስቴን አንድ ቀን እንኳ ቀና ብላ አላየቻትም ይለኛል» ብላ ፎቶውን መለሰችልኝ።

በቃ፣ ዱንያን እንደነበረች መልሼ ብርሃኑን በእጄ መሥራት ነበረብኝ። የደመቀውን ጉንጯን ማደብዘዝ፣ የደበዘዘውን ማፍካት፣ ጥላዋን እማዬ ነጠላ ላይ መጣል። ያን ገና አልተማርኩም ነበር። እየተማርኩ ሁለት ወር ፈጀብኝ።

አሁን ልናዘዝልህ። ፎቶው ፋሲካ ሳይገባ አልቆ ነበር። እማዬም አይታው «አሁን እሷው ናት፤ ላኪላቸው፣ ኑ በያቸው» ብላኛለች። ያቆየሁት እኔ ነኝ። ዱንያ እጅ ዙሪያ ቀጭን ነጭ መስመር ትታየኝ ነበር፤ ከእኔ በቀር ማንም አያያትም። ነገ አጠፋታለሁ፣ ከነገ ወዲያ በሽኩር እልካለሁ ስል ሳምንታት ሄዱ። እማዬ ከሥራ በገባሁ ቁጥር «ላክሽው?» ትላለች። አንድ ቀን ሰለቸኝና ልኬዋለሁ ብዬ ዋሸኋት። ከዚያ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና ትል ነበር። ትናንት ጠዋት «ባይመጡም አልፈርድባቸውም» አለችኝ። እውነቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ረፍዶብኛል ብዬ ወጣሁ።

ዛሬ ጋሼ ሰላሁዲን ለእኔ ብለው ሱቁን በጠዋት ከፈቱ። ከዚያው ፎቶ እማዬን ለብቻዋ አወጣኋት፤ ጎረቤታችን እትዬ ጤናዬ በትልቁ ታትሞ ፍሬም ይግባ ስላሉ ነው። ጋሼ እኔ ልሥራልሽ ቢሉኝ እምቢ አልኩ። ፊቷን አልነካሁትም። የዱንያ ጥላ ነጠላዋ ላይ ቀርቶ ነበር፤ እሱንም አላጠፋሁትም።

ፖስታው ውስጥ ያለው፣ እማዬ ላኪላቸው ያለችኝ ፎቶ ነው። የላከችላችሁ እሷ ናት፤ ያዘገየሁት እኔ ነኝ። ለእኔ ይቅርታህ ይቆየኝ፣ አሁን አልጠይቅህም። ብቻ ነገ ከስድስት ሰዓት በፊት ድረሱ። ዱንያን ይዘሃት ና፤ ማንም ክፉ ቃል አይተነፍስባትም፣ እኔ አለሁ።

እግዚአብሔር መንገዳችሁን ያቅናላችሁ፣ በሰላም ያግባችሁ። በጎጃም በረንዳ በኩል ግን አትምጡ፤ ወደ ቤት መግቢያው በድንኳን ተዘግቷል። በአማኑኤል ዙሩ።

ታላቅ እህትህ