ሳይሄድ ለተመለሰ መንገደኛ ስለተደረገ ሽኝት

ለተከበሩ የእድራችን ዳኛ ለአቶ ገበየሁ
ዳንግላ

ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ፤ ድምፅዎም እንደ ሽኝቴ ዕለት ከመንደር እስከ ገበያ የሚሰማ ይሁን። እኔ እድራችን «ባሕር ማዶ ነው» ብሎ ከቀብር ነጻ ያደረገኝ መምህር ይሄነው ነኝ።

እንደሚያስታውሱት፣ ጂኦግራፊ እያስተማርኩ ከዘንገና ሐይቅ የሚበልጥ ውኃ አለማየቴ ቢያሳፍረኝ፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ መሀል ያለችውን ትንሿን ቱቫሉን ባሕር ሳይውጣት ልያት ብዬ ተነሣሁ። መንገዱን ሳያጣራ ሻንጣ የገዛ የጂኦግራፊ መምህር ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም፤ ይህ የራሴ ቂልነት ነው። ለቀረው ግን እርስዎን ላመስግን።

አንደኛ፣ «ትኬት እስክቆርጥ ይቆዩኝ» ብዬ ብለምንዎ በግ አሳርደው፣ በጋሪ አሳጅበው እስከ መናኸሪያ ስለሸኙኝ እግዜር ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ያለችው ትኬት ሻጭ በመንገዴ የማርፍባቸው አገሮች የየራሳቸውን ቪዛ እንደሚጠይቁ ስትነግረኝ፣ ያ ሁሉ ጋሪ ዓይኔ ላይ መጣ። ተመልሼ ሹልክ ብዬ ቤቴ ገባሁ።

ሁለተኛ፣ «በሰላም ያድርስህ፤ ቶሎም ይመልስህ» ብለው ስለመረቁኝ። እንደ እርስዎ ምርቃት የሚሠምር አላየሁም፤ ሳልሄድ መለሰኝ። አሁን ባለቤቴ ፍቅርአዲስ ለባሕር ማዶ የሰነቀችልኝን ዳቦ ቆሎ መስኮት ዘግቼ እቆረጥማለሁ። እሷም ለጠያቂ ሁሉ «ደህና ነው፤ ኔትወርክ እንቢ አለው እንጂ» ትላለች።

ሦስተኛው አያስቅም። ዛሬ ጠዋት ጡሩንባ ተነፍቶ የጎረቤቴ የእትዬ ሸጋ ሞት ሲለፈፍ በተዘጋ መስኮት ሰማሁ። አባቴ የሞተ ጊዜ እኒያ ሴት ከቤታችን ሳይለዩ ነው የሰነበቱት። እኔን ግን እድራችን ባሕር ማዶ ስላስቀመጠኝ ለቀብራቸው የሚጠራኝ የለም። ከዚህ በላይ መደበቅ አንጀቴ አልቻለም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በእድራችን ቤት በር ላይ ለጥፌ አስከሬኑን ልሸከም እመጣለሁ። ስለ ባሕሩ የሚጠይቀኝ ባይኖር ደስ ይለኛል፤ ከጠየቁኝም ሰፊ ነው እላለሁ።

በምርቃትዎ ኃይል ከደጅዎ ሳይርቅ ባሕር ማዶ ከርሞ የተመለሰ፣
ሁልጊዜም እጅ ነሺዎ፣
ይሄነው

ማሳሰቢያ፦ እርስዎም ለትንሣኤ ኢየሩሳሌምን ሊሳለሙ እንዳሰቡ ሰምቼ እጅግ ደስ ብሎኛል። ሽኝቱን ለእኔ ይተዉልኝ፤ «ቶሎ ይመልስዎ» ብዬ የምመርቅዎ እኔ ነኝ።