በቀኝ እጅ የተያዘ ስልክ

ውድ ፍቅርአዲስ፣

ስልኬን አላነሳ ስላልሽ ነው ብዕር ያነሳሁት። ደብዳቤውን ወደ ሙስካት የምትመለሰው ተቅዋ ታደርስልሻለች። እልኸኛ መሆንሽን አውቃለሁ፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው ሳታነቢው እንዳትቀድጂው።

ባለፈው «ልጄ አማርኛዋን ረስታለች፣ እኔንም ረስታኛለች፤ ከእንግዲህ አልደውልም» ብለሽ ዘጋሽብኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር። እዚህ ካርቲየ ሰባት ሰፈር ውስጥ፣ ትምህርት ቤት በፈረንሳይኛ፣ ደጅ በሶማልኛ የሚውል ልጅ አማርኛው ይጠፋበታል ይባላል። ስለዚህ ልጅሽ ሲፈን ስልክ ላይ ድዳ ስትሆን ማንም አልገረመውም። እቤት ግን ምላሷ ምላጭ ነው፤ መልስ አታጣልኝም። ይህን ልብ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።

ሰሞኑን ትምህርት ቤቷ የተማሪዎቹን ጆሮ ያስመረምር ስለነበር አሳዳጊ ይምጣ ተባለና ምርመራው ወዳለበት ቡላኦስ ሰፈር ሄድኩ። መርማሪዋ ውዳድ የምትባል የድሬ ልጅ ናት። ለሲፈን ማዳመጫ አጥልቃላት «ድምፅ በሰማሽ ቁጥር እጅሽን አንሺ» አለቻት። በግራው ጆሮ ሲሆን እጇ ቶሎ ቶሎ ተነሳ። ወደ ቀኙ ሲዞር ግን እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ውዳድን ታያታለች። ውዳድ ድምፁን ጨመረች። አሁንም ያው።

«እህት፣ ቀኙ አይሰማም» አለችኝ። «ጆሮ ደግፍ አሟት ያውቃል?»

አንቺ በሄድሽ ዓመት ጉንጯ አብጦ መሰንበቱን ነገርኳት። ምናልባት ከዚያ ይሆናል፣ ሐኪም ይያት አለች፤ ይድናል ብላ ግን አላታለለችኝም። ግራው ጤነኛ ስለሆነ ነው ሳይታወቅባት የቆየው።

«ስልክ በየትኛው ጆሮዋ ነው የምታናግረው?» ብላ ጠየቀችኝ ውዳድ።

ያኔ ነው የደነገጥኩት። በግራ እጅ መቀበል ነውር ነው እያለች እናታችን እንዳሳደገችን፣ እኔም ልጅሽን እንደዚያው አሳድጌያታለሁ። ስልኩን በቀኟ ትቀበላለች፣ በቀኝ ጆሮዋ ትይዛለች። አንዴ ወደ ግራዋ ልታዞረው ስትል «በቀኝሽ!» ብያታለሁ።

ሚኒባስ ላይ በግራዋ በኩል ተቀምጬ «ምነው ሳትነግሪኝ?» አልኳት።

«እማዬ እኮ ደውላ ዝም ነው የምትለኝ፣ አክስቴ። የተናደደችብኝ መስሎኝ።»

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

እቤት ስንገባ ባለቤቴን ሀይለየሱስን ከሥራው ቦታ እንዲደውል አደረግኩና ስልኩን በግራ እጇ ሰጠኋት። «ሲፈን» ሲላት ዘላ ተነሳች። እየሳቀች ጠፋ ባልነው አማርኛ ስታዋራው ቆየችና «እማዬስ መቼ ነው የምትደውለው?» አለችኝ።

ሐኪም ቤት እኔ እወስዳታለሁ። አስተማሪዋም ግራ ጆሮዋ ወደ እሷ እንዲሆን አድርጋ ከፊት አስቀምጣታለች። የቀረው ያንቺ ነው።

አርብ ደውዪ። በግራ እጇ ነው የምትቀበልሽ፤ ነውር ነው ብለሽ እንዳትቆጪያት።

እህትሽ እልፍነሽ