የአስካለ ፓፓያ

ሰፈሩ ኦቦ ጉተማ የሚልህ፣ የኔ ጉተማ፣ ስማኝ! ዝም ማለት ልማድህ ነው፤ ዛሬ ግን አለቅህም። የሰማንያ ቀን ተዝካርህን ካወጣን ሳምንት ሆነው። ፊደል ከልጆቹ ደብተር ላይ ራሴ የለቀምኩ ነኝና ስህተቴን አትቁጠርብኝ።

ቤቱ እንዳለ ነው። የሚያፈሰውን ጣሪያ አስደፍኛለሁ። ወንበርህን ድመቷ ወርሳዋለች፤ አላባርራትም። አንጀቴን የሚያቃጥለው ሌላ ነው፤ የአስካለ ፓፓያ።

ከኔ በፊት አግብተህ የፈታሃት፣ ባኮ የገባችው አስካለ፣ በየአስራ አምስት ቀኑ አንድ ቅርጫት በአውቶቡስ ትልክልህ ነበር። አንዱም አፍህ አልደረሰም። ፍራፍሬ የበሽተኛ ነው፣ ጤነኛ ሰው ፓፓያ ሲበላ ቢታይ ምን ነካው ይባላል እያልኩ አሳመንኩህ። ቅናቴ ነበር። እሷ የላከችውን ይዤ አምቦ ውስጥ የታመመውን ሁሉ ጠየቅሁበት። ሰዉም ደግነቴን አወራልኝ።

ከዚያ መርሳት ጀመርክ። መጀመሪያ ቁልፍህን፣ ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑን መንገድ፣ ቀጥሎ እኔን። ሠላሳ ዓመት አብሬህ የኖርኩትን፣ በትህትና፣ «እናቴ፣ የማን ልጅ ነዎት?» አልከኝ። አንቱ አልከኝ፣ ጉተማ።

የጤና ጣቢያውን ድሬሰር ጠየቅሁት። ፍራፍሬ ያዘወተረ ሰው ሲያረጅ አሳቡ ቶሎ ላይደክም ይችላል ይባላል፣ እርግጡን ግን አላውቅም፣ መድኃኒትም አይደለም አለኝ። እኔ ይሆን ያስረሳሁህ? ቅርጫቱ እንደመጣ ፓፓያውን ልጬ፣ ፍሬውን አውጥቼ፣ በእጄ አጎረስኩህ። አላምጠህ ፈገግ አልክና «አስካለ» አልክ።

ያጎረሰችህ ተረሳች፣ የላከችው ታወሰች። ሳህኑን ልወረውረው ነበር። ግን እስክትሞት ድረስ በየቀኑ ላጥኩልህ፤ ምናልባት ቀጥሎ የኔን ስም ይጠራ ይሆናል ብዬ። አልጠራኸውም።

ለቅሶህ ላይ መጣች። በዕድሜ ትበልጥህ የለ? ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠውን ሁሉ በየስሙ፣ ከነአባቱ ጠራች። እኔንም በላይነሽ ብላ አቀፈችኝ። ካንተ አፍ የጠበቅሁትን ከሷ አፍ ሰማሁት።

የሚገርምህ ቅርጫቱ ዛሬም አልቀረም። ትናንት መጣ። ጠዋት ጠዋት አንድ ቁራጭ እበላለሁ። እሷ እያስታወሰችህ እኔ ልርሳህ? አልረሳህም። ከሷ በፊት አልረሳህም።

ሙት ዓመትህ ላይ ትመጣለች። ይህን ደብዳቤ ሰው በተሰበሰበበት አነበዋለሁ፤ እሷም ሰው በተሰበሰበበት ትመልስልኝ። እሱ ከሞተ በኋላ፣ አስካለ፣ ፓፓያውን የምትልኪው ለማን ነው?