አለ፦ ሲላላና ሲጠብቅ

ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ያ የወገብህ ነገርስ ለቀቀህ ወይስ አሁንም ዕቃ ስታነሳ ይይዝሃል? ባለቤትህ እታለም እንዴት ናት? እኔ ሳላቅፈው ጥርስ ያወጣው ትንሹ ልጃችሁስ? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ማለት ወጉ ነውና ነው እንጂ፣ ቤቱ ጭር ብሎብናል። የአባባ ሳል ከቀረ ወዲህ ጠዋት የሚቀሰቅሰን የለም።

የአባታችንን ሞት ስነግርህ በስልክ እያለቀስክ አንዲት ነገር ደጋግመህ ጠየቅከኝ፦ በመጨረሻው ምን አለ? እያልክ። የምመልስልህ ቃል አጥቼ ዝም አልኩህ። አሁን ግን ከሥሩ ልንገርህ።

እኛ ጋ የተውካት ልጅህ አስተማሪ፣ ትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ቢያጥረው በመንገዳችን ቤት ለቤት ስትዞር እንደነበር ጽፌልህ ነበር። ጸጉር አስተካካዩ መስተዋቱ ሥር መደርደሪያ ሠራላት። ልጆቹ ተራ ሲጠብቁ፣ ወንበሩ ላይ ለተቀመጠው ሰው ጮክ ብለው ያነቡለታል፤ ጸጉሩ እየተቆረጠ ወዴት ይሸሻል! ባለዳቦ ቤቷም ሣጥን ሙሉ መጽሐፍ በሯ ላይ አስቀመጠች። ግን አሁንም አልበቃም፤ ልጆቹ ያሉትን መጻሕፍት በቃላቸው ሸመደዷቸውና ገጹን ሳያዩ ማንበብ ጀመሩ። ያኔ ነው የመንገዱ ሰው ራሱ ይተርክ፣ አስተማሪዋ ትጻፍ፣ ማተሚያ ቤቱ በትርፍራፊ ወረቀቱ ያትም፣ እኔና አባባ እንስፋ የተባለው። እኔ ሽፋኑን በጨርቅ፣ እሱ ጀርባውን በጫማ ክሩና በወስፌው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለው ሲያወድሱት፣ አንበሳ ምን ያደርግልናል፣ እነዚህን ልጆች ወንበር ላይ ካሰረልን ይበቃናል አላቸው።

የራሱን ተረት ሲያስጽፍ አስተማሪዋ በአክብሮት «አባባ ጫማ ሰፊው አሉ» ብላ ጀመረች። እሱ እቴ! ተቆጣ። አንቱ ብለሽ አታብዢኝ፣ ልጆቹ ይፈሩኛል፣ አለ በይኝ አላት። እንዳለውም በየገጹ አናት ላይ «አባባ ጫማ ሰፊው አለ» ተባለ። ከዚያ ወዲያ ሐሳቡ ሁሉ አንድ ነገር ሆነ፦ ያ መጽሐፍ ታትሞ በልጅህ አፍ ሲነበብ መስማት። እንደምታውቀው ልጅህ ንባብ ላይ ትንተባተባለች። ቀስ በቀስ የሚል ቅጽል ያወጣላትም እሱ ነው፤ እንቁላልስ በእግሩ የሚሄደው ቀስ በቀስ አይደለም እንዴ እያለ ያባብላት ነበር። እሷም ያንተ ተረት ሲመጣ ሳልደናቀፍ አነብልሃለሁ ብላ ቃል ገባችለት።

ምን ያደርጋል፣ የማተሚያው መኪና ተሰበረ። መለዋወጫው ዛሬ ነገ ሲባል አባባን ግማሽ ጎኑን ያዘው፤ አንደበቱም ተዘጋ። ያ ወሬኛ ሰው! በደህና እጁ ወደ ልጅህ አፍ ያመለክትና መልሶ የራሱን ጆሮ ይነካል። ነገሩ ስለገባኝ ማተሚያ ቤቱ ደጃፍ ሄጄ እንዳበደች ሴት ጮኽኩባቸው። እነሱስ ምን ያድርጉ፣ ብረት በልመና አይዞርም። ልጅህ አጠገቡ ተቀምጣ ሌላ መጽሐፍ ልታነብለት ሞከረች፤ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማት፣ ስትጨርስ ግን ያንኑ ምልክት ደገመ። እንዲሁ እንደጓጓ ሄደብን። ምንም አላለም ወንድሜ። ለዚህ ነው በስልክ ዝም ያልኩህ።

መጽሐፉ የመጣው ከቀብሩ በኋላ ነው። ወረቀቱን ተሸክመው ሲገቡ ተቀብዬ አባባ በርጩማ ላይ አስቀመጥኩት። በእሱ ወስፌና በእሱ ክር እኔው ሰፋሁት፤ እጄ ስላልለመደው ጣቴን ወንፊት አደረግኩት።

ቅዳሜ ሰው ሁሉ ጸጉር ቤቱ ተሰበሰበ። ልጅህ መሃል ቆመች። አንዴም ሳትንተባተብ «አባባ ጫማ ሰፊው አለ» ብላ አነበበች፤ ግን «ለ»ን አጠበቀችው። ቤት ውስጥ ሰው አለ እንደምንለው አድርጋ። አስተማሪዋ ጎንበስ ብላ፣ ላላ አድርጊው የኔ ቆንጆ፣ ተናገረ ማለት ነው አለቻት። ልጅህ ገጹን ትኩር ብላ አየችውና እንደገና አጥብቃ አነበበችው። ሁለተኛውም ገጽ ላይ ያው፣ ሦስተኛውም ላይ ያው። ጸጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ባለዳቦ ቤቷ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰረች። ከዚያ ወዲያ ማንም አላረማትም።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ ስህተት መሆኑን ታውቂያለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ፊደሉ አንድ አይደል እንዴ፣ ማን ይከለክለኛል አለችኝ። ግትርነቷን ከአንተ ነው የወረሰችው፣ በእኔ እንዳታሳብብ። ያን ዕለት ግን ግትርነቷን ወደድኩላት፤ መንገድ ዳር ቆሜ አቀፍኳትና ተላቀስን።

እታለምን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ፤ ትንሹን እስኪያለቅስ ድረስ ሳምልኝ። አብሮህ የሚውለውን የሥራ ባልደረባህንም፣ ስላስተዛዘነህ እግዜር ይስጥልኝ በለው። ከዚህ ጸጉር አስተካካዩ፣ ባለዳቦ ቤቷና አስተማሪዋ እግዜር ያጽናህ ብለውሃል። ልጅህ ናፍቆቷን መጽሐፉ ጀርባ ላይ በራሷ እጅ ጽፋልሃለች፤ አንድ ቅጂ አብሬ ልኬዋለሁ።

በየደብዳቤዬ መጨረሻ «አባባም ሰላም ብሎሃል» እያልኩ ነበር የምዘጋው። ዛሬ እዚህ ስደርስ እጄ ቆመብኝ። ቀስ በቀስን ምን ልጻፍለት ብላት፣ ያንኑ የመጽሐፉን ጻፊለት አለችኝ። ይኸው፦

አባባ ጫማ ሰፊው አለ።

ምን አለ ብለህ ጠይቀኸኝ አልነበር? አላልተህ ካነበብከው መልስ የለኝም፤ አጥብቀው።

የምትናፍቅህ እህትህ
ከልብስ ስፌት ቤቱ፣ ከአባባ በርጩማ አጠገብ
ጥቅምት ፲፮ ቀን