የአባባ ይግባኝ

ለምወድህ ወንድም ጋሼ ዴዝሞንድ፣

እንደምን ከርመሃል? ያ ወገብህ ተሻለህ ወይ? ሎረንና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እናንተ እዚያ አውስትራሊያ ፐርዝ በፀሐይ ስትጠበሱ፣ እኛ እዚህ በዝናብ እየበሰበስን፣ ተመስገን ደኅና ነን።

አባባ ቀለም መሸጫው ውስጥ ጣሳ ከመደርደሪያ ወድቆ አናታቸውን ከመታቸው ወዲህ ያለውን ነግሬሃለሁ። ምድጃ ለኩሰው ይረሳሉ፤ አንዱን ወሬ ሦስቴ ያወሩታል። የሱቁ ጠበቃ ግን «ካሳ ፈልገው ነው የሚያስመስሉት» ይላል። ካሳው ከቀረ የሚጠብቃቸው ሰው መቅጠር አንችልም፤ እኔም ሥራዬን መልቀቄ ነው። ስለዚህ የእኛ ጠበቃ አእምሮ ወደምትመረምር የሥነ ልቦና ሐኪም ላካቸው።

አባባ ፈተና መባሉን ሲሰሙ ሌላ ሰው ሆኑ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ በመጠጥ ቤቱ የጥያቄና መልስ ውድድር ቡድን የመሩ ሰው አይደሉ? የቡድኑን አባላት እነ ስታንሊን ሰብስበው ሳምንቱን ሁሉ የዋና ከተሞች ስም ሲሸመድዱ ሰነበቱ። «አባባ፣ ይሄ እኮ ውድድር አይደለም» ብላቸው፣ «አንቺ ደግሞ፣ አባትሽን በሰው ፊት ልታዋርጂ ነው?» አሉኝ።

በፈተናው ዕለት እኔ ከክፍሉ ውጭ ነበርኩ፤ ድምፃቸውን ግን በር አያግደውም። ሐኪሟ ሕጉን ሳትናገር ካርድ ይደርድሩ ብትላቸው፣ «ሕጉ ያልተነገረበት ጨዋታ ማጭበርበር ነው» ብለው ተቆጡ። ቀደም ብላ ያነበበችላቸውን ቃላት ስትጠይቃቸው ደግሞ፣ «የምን ቃላት? መቼ ነገርሽኝና?» አሉ። አንጀቴን በሉት።

ለካ ፈተናው ውስጥ እያወቀ የሚሳሳተውን ሰው የሚያጋልጡ ጥያቄዎች አሉ። ሐኪሟ «በሙሉ ልባቸው ነው የሞከሩት፤ የማስታወስ ችሎታቸው ግን በእርግጥ ተጎድቷል» ብላ ጻፈች። የሱቁ ጠበቃም ካሳ ከፍለን እንታረቅ አለ። እኔ እልል ልል ስል፣ አባባ ከመቶ እኩዮቻቸው ዘጠና ስድስቱ በማስታወስ እንደሚበልጧቸው ከሐኪሟ ጽሑፍ ላይ አንብበው ቤቱን አተራመሱት።

ሰኞ ዕለት ለጠበቃችን ጻፉ፦ «የማስታወስ ችሎታዬ እንከን ስለሌለው ድጋሚ ልፈተን» ብለው። ፖስታ ቤት አድርሺልኝ ሲሉኝ እሺ ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ማክሰኞም ያንኑ ቃል በቃል ጻፉ። ረቡዕም፣ ትናንትም። አራቱን ደርድሬ ስስቅ ቆይቼ አለቀስኩ። አሁን ፊት ለፊቴ ተቀምጠው፣ «እስከ ዛሬ ዝም ማለቴ ነው የገረመኝ» እያሉ አምስተኛውን ጀምረዋል።

ሎረንን ሳምልኝ። ግሬም ትምህርቱን ይበርታ፤ ትንሿን ሄዘርን ጉንጯን ሳምልኝ። አባባም ሰላም በይልኝ ብለዋል፤ እስካሁን ሦስት ጊዜ።

እህትህ ሞሪን
ሃሊፋክስ፣ እንግሊዝ፣ ማርች 14 ቀን 1997