መብራት አለህ?

አሶሳ፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለዲሳሳ፤

እንደምን አለህልኝ? አዳማ ነፋሱ ብርቱ ነው ይላሉ፤ ደረትህን ሸፍን። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም እስካሁን አልከዳኝም። ስልክህ አልነሳ ስላለኝ ይህን ጽፌ ለጓደኛህ ለጅረኛ ሰጥቻለሁ። ያለህበትን እንደሚያውቅ እስኪነግረኝ ሁለት ሳምንት አስለምኖኛል፤ አትቆጣው፣ አንተ አደራ ብለኸው ነው።

የዳቦ ቤቱ ሥራ እንደ ድሮው ነው። መጋገር የሚጀመረው አስራ አንድ ሰዓት ስለሆነ አሁንም ከቤት የምወጣው በጨለማ ነው። «እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ ሳይክል!» እያልክ ሰፈሩን ያሳቅህብኝ አንተ ነህ፤ ሚዛን መጠበቅ ያስተማርከኝም አንተው። በጨለማ መንዳትን ያስተማረኝ ግን ኑሃ ነው። ነጭ ጨርቅ ጀርባዬ ላይ እንዳስር፣ ከፊት መብራት ከኋላ ቀይ አንጸባራቂ እንዳይጎድለኝ፣ ኩርባ ላይ ደወል እንድመታ፣ ጠርዙን ይዤ ቦዩን እንድሸሽ፤ ሁሉንም ያሳየኝ እሱ ነው።

መቼም አልረሳኸውም። የእንጨት ሥራ ቤቱ የቀን ዘበኛ፤ ሱብሂን ከተማ ለመስገድ እንደኔው በሌሊት የሚወጣው። ከማንጎዎቹ ሥር ካለው መታጠፊያ ብቅ ይልና ገና ሰላም ሳይለኝ «እናቴ፣ መብራት አለህ?» ይለኛል። «አለሽ በል!» እለዋለሁ። «እሺ እናቴ፣ መብራት አለህ?» ይላል መልሶ። ቤርታ ነውና አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም ነበር። እኔም ብሆን አማርኛን ከኦሮሞ ቤት ወጥቼ ነው የተማርኩት፤ ግን ሰው ማረም እወዳለሁ፣ ታውቀኛለህ።

በመስከረም መጨረሻ አንድ ጠዋት ብቅ አለና ጉሮሮውን ጠርጎ «እናቴ፣ መብራት አለሽ?» አለኝ። አጥርቶ! በሳቅ ከሳይክሌ ልወድቅ ነበር።

ያን ዕለት ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ እዚያው ማንጎዎቹ ሥር ሞተር ገጭቶት ሄደ። ያገኙት ሲነጋ ነው፤ አልደረሱለትም። እኔ እኮ፣ ልጄ፣ ሳይነጋ አስር ሰዓት ተኩል ላይ በዚያ አልፌያለሁ። ሳጣው ደወሌን ሁለቴ መታሁ። ዛሬ ተኝቶ ቀረ ብዬ ስቄበት ሄድኩ። የሳይክል መብራት መንገዱን እንጂ ቦዩን አያሳይም። ከሥራ ስመለስ አንተም የለህም፤ «ሥራ አገኘሁ» የሚል ወረቀትህ ብቻ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

አሁን የምጽፍልህን ለማንም አልተናገርኩም። አርባው በወጣ ማግስት ማንጎዎቹ ጋ ስደርስ ከኋላዬ የሰንሰለት ድምፅ ሰማሁ። የኑሃ ሰንሰለት መከለያውን እየነካ ቀጭ፣ ቀጭ ይል ነበር፤ እሱኑ ነው። ዞር አልኩ፤ መብራት የለም፣ ሰውም የለም። ስፈጥን ፈጠነ፤ ስቆም ቆመ። ትንሿ ድልድይ ላይ ስወጣ ከጆሮዬ ሥር «መብራት አለህ?» አለ። አፌ ልማዱን አልተወም፤ «አለሽ በል» አልኩ። የሳቀ የለም።

በማግስቱም፣ በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ። እየፈራሁ እንኳ የማስበው «ከተማረ በኋላ እንዴት ረሳው?» እያልኩ ነበር። ሞኝነቴን እይልኝ።

ምናልባት ሳይክሉን ሌላ ሰው ይነዳው ይሆናል ብዬ ሚስቱ ሀምዲያ ዘንድ ሄድኩ። «ግባ እናቴ» አለችኝ፤ የእሷም አማርኛ እንደ ባሏ ነው። ሳይክሉ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የኋላ ጎማው እንደ ቂጣ ታጥፏል፣ ሰንሰለቱ ተበጥሷል፣ ከቀይ አንጸባራቂው ግማሹ የለም።

«ማንም አይነካም» አለች። «የመታው ሰው እስኪመጣ እንዲህ ይቆማል።»

«ቢመጣ ምን ትይዋለሽ?»

«ይታሰር አልልም፣ ወላሂ። ኑሃ ምን አለ? ውሃ ጠየቀ? ስሜን ጠራ? እሱን ብቻ ይንገረኝ።»

ሆዷ ገፍቷል፣ ዲሳሳ። በጥር ትወልዳለች።

ቤት ስገባ የሞተርህን ሸራ ገለጥኩ። ለምን እንደገለጥኩት አትጠይቀኝ። የፊት መብራቱ አሁንም አምፖል የለውም፤ አሠራው ብዬ ሳምንት ሙሉ ለምኜህ ነበር። ከፊት ጎማው ፓራፋንጎ ሥር የደረቀውን ጭቃ በጣቴ ስፈቀፍቅ አንድ ቀይ ስባሪ መዳፌ ላይ ወደቀ። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለኑሃ ይሁን ላንተ አላውቅም፤ ለሁለታችሁም መሰለኝ።

ስባሪውን በጨርቅ ጠቅልዬ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ። ጅረኛ ምን እንደሆነ አያውቅም።

ዛሬ ሌሊትም ድልድዩ ላይ ጠየቀኝ። አላረምኩትም። ኑሃ አማርኛውን አልረሳም፣ ልጄ፤ የሚጠይቀው እኔን አይደለም። እኔ ከፊትም ከኋላም መብራት እንዳለኝ ያውቃል።

ዳቦ ቤት ያሉት ሴቶች ፊትሽ ገረጣ፣ በዋናው መንገድ ዙሪ ይሉኛል። እፈራለሁ፤ አልዋሽህም። ግን አንዴ በአጠገቡ አልፌው ሄጃለሁ፤ አልደግመውም። አንድ ሰው መልስ እስኪሰጠው ድረስ በዚያው እመላለሳለሁ።

አንተ ልጄ ነህ፤ ምንም ይሁን ምን ልጄ ነህ። እወድሃለሁ፤ እንቅልፍ ያጣሁትም ስለምወድህ ነው። ስባሪውን ይዘህ ና። ሀምዲያ ቤት ብቻህን አትገባም፤ እኔ ቀድሜህ እገባለሁ፣ አንተ ከኋላዬ ትገባለህ። የምታውቀውን ትነግራታለህ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አብረን እንችለዋለን።

እግዚአብሔር ከክፉ ይጠብቅህ፤ መንገድህን ያብራልህ፤ ዓይንህን ለማየት ያብቃኝ።

እናትህ ጠጂቱ

ይህን ልረሳው ነበር፤ የቀኑን መኪና ያዝ፣ ማንጎዎቹን ሳይመሽ እለፋቸው። መሽቶብህ ከኋላህ ከጠየቀህ ግን አትሩጥ። ቁምና «አልነበረኝም» በለው።