እንዳሻው የሚል ማሊያ

ኦስሎ፣ መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለጌጤ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰሽ። ልጆቹስ? ወገብሽስ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እስኪ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ስልኬን ስለዘጋሁት አትደንግጪ። ይህን የምታደርስልሽ ሶፍያ ጎረቤቴ ናት፣ የልብ ሰው ናት።

አቤሴሎም ዋንጫ በላ! እግር ኳስ እንዳይመስልሽ፤ ቤዝቦል የሚሉት ነው። አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል፣ ከዚያ ሁሉም ይሮጣል፤ ስንት ዓመት ቆሜ አይቼም ከዚህ በላይ አልገባኝም። የኔ ልጅ ወርዋሪው ነው። የሰፈራችን የሊንደበርግ ቡድን እኮ የሰው መሳቂያ ነበር፤ የራስ ቁር እየተዋዋሱ የሚጫወቱ፣ አምና አንድም ጨዋታ ያላሸነፉ። ለፍጻሜ የደረሱ ቡድኖች ሦስት ጊዜ ይገጥማሉ፤ ሁለቴ ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። የመጀመሪያውን ተዋርደው ተሸነፉ። ሁለተኛውን እንደምንም አሸነፉ። ቅዳሜ በሦስተኛው፣ ዝናቡ እየወረደ፣ አቤሴሎም የመጨረሻውን ተጫዋች ሦስት ጊዜ አየር አስመታው። እልል አልኩ! ፈረንጆቹ ዞረው አዩኝ፤ ምን ገዶኝ።

ከዚያ ጓደኞቹ ተሸክመውት ሲዞሩ ጀርባውን አየሁ። አዲሱ ማሊያ ላይ በትልልቁ «እንዳሻው» ይላል።

እልልታዬን አቋረጥኩ። እዚህ አገር የአባት ስም የቤተሰብ ስም ስለሆነ ማሊያ ላይ የሚጻፈው እሱ ነው። ግን እኮ እንዳሻውን ሸሽተን ከስዊድን፣ ከጎተንበርግ ስንመጣ ፖሊስ አድራሻችንን ደብቆልናል። አሠልጣኟ ኤማም የአባቱ ስም እንዳይጻፍ ቃል ገብታልኝ ነበር። ሄጄ ጮኽኩባት።

«ሃይማኖት፣ እሱ ራሱ ነው የለመነኝ፤ እናቴ ፈቅዳለች አለኝ» አለችኝ፣ ግራ ገብቷት።

ጨዋታው ላይ የቀረጹት ቪዲዮ በአንድ ቀን ግሮንላንድ በሚሉት የኦስሎ ሰፈር የሚገበያይ ሐበሻ ሁሉ እጅ ገባ። ትናንት ከቅዳሴ ስወጣ ባለ ሱቁ በየነ «የእንዳሻው ልጅ አኮራን!» ብሎ አቀፈኝ። ቤት ገብቼ ልጁን «ለምን?» አልኩት።

«እንዲያየኝ ነዋ! አይቶኛል ደግሞ፣ ጻፈልኝ። እማ፣ አለቀስኩ አለኝ እኮ! እሁድ ይመጣል።»

«የት እንዳለን ነገርከው?»

«አድራሻውንም ስልክሽንም ሰጠሁት። ምን አለበት? ዶሮ ሥሪለት።»

ጌጤዬ፣ አልፈረድኩበትም። ልጅ ፊት አባቱ አይነቀፍም ብላችሁ መከራችሁኝ፤ እኔም በሥራ ምክንያት ነው የተለያየነው እያልኩ አሳደግሁት። የረገፉትን ጥርሶቼን ከደረጃ ወድቄ ነው አልኩት። ስለዚህ እሱ የሚያውቀው አባት ትከሻው ላይ አድርጎ ሲያዞረው የነበረውን ነው። ቢላዋ ይዞ በር ላይ የቆመውን አያውቀውም፤ ሕፃን ነበር፣ ተኝቶ ነበር። «የትም ብትገቢ አገኝሻለሁ» ያለኝን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ የማላውቀው ቁጥር ይደውላል፤ ሳነሳው አይናገርም፣ ይተነፍሳል። ስልኩን የዘጋሁት ለዚህ ነው። ፈርቻለሁ፣ እህቴ። ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ነበር፤ ነገ ሌላ ከተማ እንወስዳችኋለን ብለውኛል። አቤሴሎም ግን አሥራ ስምንት ሞልቶታል፤ አልሄድም ካለ የሚያስገድደው የለም።

አሁን ያንን ማሊያ በእጁ እያጠበ ይዘፍናል፤ ለእሁድ እንዲደርቅለት። ደብዳቤውን እንዳሸግሁ ሁሉንም ልነግረው ነው። ካመነኝ ነገ አብረን እንወጣለን። ካላመነኝ እኔም የትም አልሄድም። እሁድ ለአባቱ በሩን የሚከፍተው አቤሴሎም ነው፤ ብቻውን ግን አይከፍትም፣ አጠገቡ እቆማለሁ።

እመብርሃን አንቺንም ልጆችሽንም በጥላዋ ታኑርልኝ። ለእማዬ ስለ ዋንጫው ንገሪያት፣ ደስ ይላታል። ሌላውን ለራስሽ ያዢው።

ታናሽሽ
ሃይማኖት